ልውጥ አለትና የክፍላተ ዓለም መጋጨት

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



በገጠር ሁለት ጎረቤቶች በእርሻ ድንበር ሲጣሉ፥ ሽማግሌዎች አስቀድመው ድንበሩ ሲከለል ያየ ሰው ይጠይቃሉ። ያየ ሰው ከጠፋ ግን ነገሩ በዚያ ተቋርጦ አይቀርም። ሽማግሌዎቹ ወደ እርሻው ወርደው የድንበሩን ድንጋይ፥ የአሮጌውን ቦይ ፈለግ፥ የተቈረጠውን ዛፍ ጉቶ ይመረምራሉ። ሰው ይሞታል፥ ይረሳል፥ አንዳንድ ጊዜም ይዋሻል፤ መሬት ግን የተደረገባትን ነገር ይዛ ትቈያለች።

የምድርን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ሥራም ከዚህ የራቀ አይደለም። ማንም ሰው በዐይኑ ያላየውን፥ በጽሑፍም ያልተላለፈውን የጥንት ነገር ለማወቅ የሚጠይቁት ድንጋይን ነው። ከድንጋይም ሁሉ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ልውጥ አለት የሚባለው ወገን ነው። የዚህ ንግግር ዋና ነገርም ይኸው ነው፤ ዛሬ ሜዳ ወይም ዝቅተኛ ኮረብታ ሆኖ በሚታይ አገር ላይ፥ በጥንት ዘመን ክፍላተ ዓለም ተጋጭተው ታላቅ ተራራ ቆሞ እንደ ነበረ፥ ተራራው ጠፍቶ ሥሩ ብቻ እንደ ቀረ፥ ይህንንም ልውጥ አለት እንዴት አድርጎ እንደሚመሰክር ማሳየት ነው። ለዚህ የሚመረጠው ምሳሌ ከቀይ ባሕር ወዲያና ወዲህ ተነሥቶ በኢትዮጵያ፥ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል እስከ ሞዛምቢክ የሚዘልቀው የምሥራቅ አፍሪካ ጥንታዊ የተራራ መስመር ነው።

ትምህርት አልገባው ያለ ልጅ «ድንጋይ ራስ» ተብሎ ይሰደባል። ነገር ግን የተማረውን 600 ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ያልረሳ ተማሪ ቢፈለግ ከድንጋይ በቀር አይገኝም። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት የሰው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ልውጥ አለት ማለት ምን እንደ ሆነ

አለቶች በአፈጣጠራቸው በሦስት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ቅልጥ አለት ነው፤ ይህም በምድር ሆድ ቀልጦ የነበረው ነገር ሲበርድ የሚጠነክር ሲሆን፥ የደጋው አገር ጥቁር ድንጋይ ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ደለል አለት ነው፤ ወንዝ፥ ነፋስና ባሕር ያመጡት አሸዋ፥ ጭቃና የኖራ ዝቃጭ አንዱ ባንዱ ላይ ተነጥፎ፥ በጭነት ብዛት ተጣብቆ የሚሆን ነው። የገረዓልታ ቀይ ገደሎችና የአባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ከዚህ ወገን ይቈጠራሉ።

ሦስተኛው ልውጥ አለት ነው። ይህ አለት አስቀድሞ ከሌሎቹ ወገን የነበረ፥ ኋላ ግን ወደ ምድር ጥልቅ ገብቶ በሙቀትና በጭነት ብዛት፥ ሳይቀልጥ፥ ጠባዩ የተለወጠ ነው። ሳይቀልጥ መለወጥ እንዴት ይሆናል የሚል ቢኖር ሸክላ ሠሪዋን ይመልከት። ጭቃውን ረግጣ፥ ቅርጽ ሰጥታ፥ አድርቃ በእሳት ስትተኵሰው ጭቃው አይቀልጥም፤ የእንስራውም ቅርጽ አይፈርስም። ነገር ግን ከእሳቱ ሲወጣ ውሃ የማያሟሟው፥ ሲመቱት የሚጮኽ ሌላ ነገር ሆኗል። ገል ደግሞ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ልምድ ያላት ሸክላ ሠሪ የሌላይቱን ሥራ አንሥታ፥ ቀለሙን አይታ፥ በጣቷ መትታ ድምፁን ሰምታ እሳቱ በቅቶት እንደ ነበረ ወይም እንዳልበቃው ትናገራለች፤ ይህንም የምትናገረው እሳቱ ሲነድ በቦታው ሳትኖር ነው። ልውጥ አለትን የሚመረምር ሊቅ ጥበብም እንዲሁ ነው።

ምድር በጥልቀቷ የሞቀች ናት። በብዙ ቦታ አንድ ኪሎሜትር ወደ ታች በተወረደ ቍጥር ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ 20 ኪሎሜትር ወደ ታች የገባ ድንጋይ 500 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያገኘዋል፤ ከላዩም የ20 ኪሎሜትር አለት ሸክም አለበት። በዚህ ሁኔታ የባሕር ጭቃ የነበረው ድንጋይ በመጀመሪያ በየገጹ የሚሰነጠቅ ሰሌዳ ድንጋይ ይሆናል። ሙቀቱ ሲበረታ የሚያብረቀርቁ ስስ ቅጠሎች የሞሉበት ሺስት የሚባል አለት ይሆናል። ከዚያም ሲያልፍ ነጭና ጥቁር መስመር እየተፈራረቀ የሚታይበት ናይስ የሚባል ጠንካራ አለት ይሆናል። የኖራ ድንጋይ ዕብነ በረድ ይሆናል፤ የአሸዋ ድንጋይም ቢላዋ የማይቧጭረው ኳርትዛይት ይሆናል።

2. የአለቱ ምስክርነት እንዴት እንደሚመረመር

የመጀመሪያው ምስክር የአለቱ ገጽ ነው። ጭድ የገባበት ጭቃ ከላይ ሲረገጥ ጭዱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይተኛል። በአለትም ውስጥ ያሉት ስስና ረዣዥም ማዕድኖች በጽኑ ሲጨመቁ ከጨመቃቸው ኀይል ፊት ለፊት ተነጥፈው ይሰለፋሉ። ስለዚህ የሺስትንና የናይስን ገጽ አቅጣጫ በየቦታው የለካ ሰው፥ ጥንት አገሪቱን የገፋት ኀይል ከየት ወገን እንደ መጣ ለማወቅ መንገድ ያገኛል። ንብብሮቹም እንደ ተገፋ ጋቢ ታጥፈው ከተገኙ፥ ምድሪቱ ከሁለት ወገን መጠበቧ ይታወቃል።

ሁለተኛው ምስክር በአለቱ ውስጥ ያደጉት ማዕድኖች ናቸው። ከአንድ ዱቄት እንደ አሠራሩ ገንፎም ቂጣም እንደሚወጣ፥ ከአንድ ዐይነት ነገርም እንደ ሙቀቱና እንደ ጭነቱ ልዩ ልዩ ማዕድን ይወጣል። ለዚህ የታወቁ ሦስት ማዕድኖች አሉ፤ እነርሱም አንዳሉሳይት፥ ኪያናይትና ሲሊማናይት ይባላሉ። ሦስቱም ከአሉሚኒየም፥ ከሲሊከንና ከኦክሲጅን በአንድ ልክ የተሠሩ ናቸው፤ የሚለያዩት በውስጣቸው ባለው አደረጃጀት ብቻ ነው። አንዳሉሳይት ጭነት ባነሰበት፥ ኪያናይት ጭነት በበረታበት፥ ሲሊማናይት ሙቀት በጸናበት ቦታ ያድጋሉ። እንግዲህ ሰማያዊ ኪያናይት የያዘ አለት በእጁ የያዘ ሰው፥ ያ አለት ቀድሞ ብዙ ኪሎሜትር በምድር ውስጥ ተቀብሮ እንደ ነበረ ያውቃል።

ይህን ነገር በአገር ላይ ተመላልሶ በሥርዐት የመረመረው የስኮትላንድን ደጋ ያጠናው ጆርጅ ባሮው ነው። ባሮው በ1893 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ጭቃ የነበሩት አለቶች ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲሄዱ የሚይዙት ማዕድን በተራ እንደሚለዋወጥ፥ ይህም ተራ ሙቀቱ እየጨመረ የሄደበትን መንገድ እንደሚያሳይ ገለጠ። አንድ መንገደኛ በምድር ፊት ላይ እየተራመደ፥ በእውነቱ ግን ወደ ጥንቱ ተራራ ሥር ደረጃ በደረጃ እንደሚወርድ ማለት ነው።

አንዳንዱ ምስክር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ተራ የሆነው ነጭ ኳርትዝ 100 ኪሎሜትር ያህል ወደ ታች ቢወርድ ኮሳይት ወደሚባል ሌላ ማዕድን ይለወጣል፤ ወደ ላይ ሲመለስ ግን መልሶ ኳርትዝ ይሆናል። በ1984 ፈረንሳዊው ክርስቲያን ሾፓን በኢጣሊያ አልፕስ ተራሮች፥ ዶራ ማይራ በተባለው ቦታ፥ ጋርኔት በሚባል ጠንካራ ማዕድን ሆድ ውስጥ ተዘግቶ ያልተመለሰ ኮሳይት አገኘ። ጋርኔቱ እንደ ጽኑ ሣጥን ሆኖ ጠብቆት ነበር። ከዚያ በፊት፥ የክፍለ ዓለም ቅርፊት ቀላል ስለ ሆነ ያን ያህል ጥልቀት ወርዶ ሊመለስ አይችልም ይባል ነበር። በዐይን የማይታይ አንዲት ቅንጣት ግን ይህን አሳብ አስለወጠች።

3. ክፍላተ ዓለም እንዴት እንደሚጋጩ

ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬግነር በ1912 ክፍላተ ዓለም በአንድ ቦታ ጸንተው የሚኖሩ ሳይሆኑ የሚንቀሳቀሱ መሆናቸውን በተናገረ ጊዜ ብዙዎች ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር። ኋላ ግን በ1960ዎቹ የባሕር ወለል በተመረመረ ጊዜ ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኘ። የምድር ቅርፊት በታላላቅ ንጣፎች የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱም ንጣፍ በዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር፥ የሰው ጥፍር የሚያድገውን ያህል ይሄዳል። ተማሪዎች ይህን በሒሳብ ሊያዩት ይችላሉ። አንድ ንጣፍ በዓመት 5 ሴንቲሜትር ቢሄድ በ20 ዓመት አንድ ሜትር ይሄዳል፤ በ20 ሚሊዮን ዓመት ግን 1000 ኪሎሜትር ይሄዳል።

በሁለት ክፍላተ ዓለም መካከል ያለው ባሕር ሲጠብብ፥ ከባዱ የባሕር ወለል ወደ ምድር ሆድ እየሰጠመ ያልቃል። ወለሉ ባለቀ ጊዜ ሁለቱ የብስ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ሁለቱም ቀላል ስለ ሆኑ አንዱም ሰጥሞ አይቀርም፤ ይታጠፋሉ፥ ይደራረባሉ፥ ወደ ላይም ወደ ታችም ይወፍራሉ። ሕንድ ከእስያ ጋር የተጋጨችው ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፥ ግፊቱ ዛሬም አላቆመም። የሂማላያ ተራሮች ከዚህ ተነሡ። የኤቨረስት ራስ ከባሕር ወለል በላይ 8849 ሜትር ከፍ ብሎ ሳለ፥ ጫፉ ላይ ያለው አለት ጥንት በባሕር ውስጥ የተነጠፈ የኖራ ድንጋይ ነው። በተራ ቦታ 35 ወይም 40 ኪሎሜትር የሚሆነው የምድር ቅርፊት በቲቤት በታች 70 ኪሎሜትር ያህል ወፍሯል። እንግዲህ ተራራ ከላይ እንደሚታየው ብቻ አይደለም፤ ከሚታየው የሚበልጥ ሥር አለው። ልውጥ አለት የሚበስለውም በዚያ ሥር ውስጥ ነው።

በጥልቅ የበሰለው አለት ወደ ላይ የሚወጣበት ምክንያት በጣና ባሕር ላይ ባለች ታንኳ ይመሰላል። ጭነት የበዛባት ታንኳ በውሃው ውስጥ ጠልቃ ትሄዳለች፤ ጭነቷ በተራገፈ መጠን ግን ከፍ ከፍ ትላለች። ተራራም ዝናብ፥ ወንዝና በረዶ ከላዩ እየሸረሸሩ ጭነቱን ሲያቃልሉለት፥ ሥሩ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይነሣል። በዓመት የሚሸረሸረው የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ እንኳ ቢሆን፥ በ100 ሚሊዮን ዓመት 10 ኪሎሜትር አለት ይነሣል። እንዲህም ሆኖ በመጨረሻ ተራራው ሜዳ ይሆናል፤ በሜዳውም ላይ ጥንት በጥልቅ የነበረው ልውጥ አለት ለፀሐይ ይገለጣል።

4. የምሥራቅ አፍሪካ ጥንታዊ ተራራ

ከ800 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ምሥራቅ አፍሪካ በምትባለው አገር ቦታ ሰፊ ባሕር ነበረ። ሊቃውንት የሞዛምቢክ ውቅያኖስ ብለው ይጠሩታል። በውስጡም እሳተ ገሞራ የሚተፉ ደሴቶች በተርታ ነበሩ። ባሕሩ እየጠበበ በሄደ ጊዜ ደሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣበቁ። በመጨረሻም ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ዘመን፥ ከምሥራቅ የመጣው የብስና በምዕራብ የነበረው የብስ ተጋጩ። ከዚህ ግጭት በኋላ አፍሪካ፥ ደቡብ አሜሪካ፥ ሕንድ፥ ማዳጋስካር፥ አውስትራሊያና አንታርክቲካ ጎንድዋና በተባለ በአንድ ታላቅ ክፍለ ዓለም ውስጥ ተባበሩ። በግጭቱ መስመር ላይ የተነሣው ተራራ ርዝመቱ ከ5000 ኪሎሜትር በላይ ነበረ። አሜሪካዊው ሮበርት ስተርን በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ የዚህን ተራራ ታሪክ በሰፊው አቅርቦታል።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ ቢባል፥ በኢትዮጵያ ምድር ያሉት አለቶች ራሳቸው ይመልሳሉ።

በሰሜን፥ በትግራይ ምድር፥ በነጋሽና በተምቤን አካባቢ፥ ሰሌዳ ድንጋይ፥ ጥቁር የኖራ ድንጋይና አረንጓዴ መልክ የያዘ የጥንት እሳተ ገሞራ አለት ይገኛሉ። እነዚህ የጥንቱ ባሕር ጭቃና ዝቃጭ፥ የደሴቶቹም ፍንዳታ ቅሪት ናቸው። ንብብሮቹ እንደ ተነጠፉ አልቀሩም፤ በብዙ ቦታ ቀጥ ብለው ቆመዋል፥ በነጋሽም እንደ ገበቴ ጎድጉደው ታጥፈዋል። የደረሰባቸው ሙቀት ግን ብርቱ ስላልነበረ ጭቃ መሆናቸው ዛሬም ይለያል። በተራራው የላይኛ ክፍል እንደ ነበሩ ከዚህ ይታወቃል።

በደቡብ ግን፥ በጉጂና በቦረና ምድር፥ ብዙው አለት ናይስ ነው፤ ጋርኔትና ኪያናይት የሚገኙበት ቦታም አለ። በዚያ የታየው ሙቀትና ጭነት ከሰሜኑ እጅግ ይበልጣል። አንዳንዱም አለት ፈጽሞ ሊቀልጥ ጥቂት ቀርቶት እንደ ተለወሰ ሊጥ ተጠቅልሎ ይታያል። ይህም በዚያ አገር የተገለጠው የተራራው ጥልቅ ሥር መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ ከትግራይ ተነሥቶ እስከ ሞያሌ የሚሄድ መንገደኛ፥ በመካከሉ ያለውን ደጋ የሸፈነውን አዲሱን ጥቁር ድንጋይ በአሳቡ ቢያነሣው፥ ከአንድ የጠፋ ተራራ ትከሻ ወደ ሥሩ ወረደ ማለት ነው።

በአዶላና በሞያሌ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር አለ። በናይሱ መካከል ረዥም ሆኖ የሚዘረጋ፥ ጥቁርና አረንጓዴ መልክ ያለው፥ በቦታ በቦታም ሲዳሰስ የሚያዳልጥ አለት ይገኛል። ይህ አለት በባሕር ወለልና ከወለሉ በታች ባለው የምድር ክፍል ብቻ የሚሠራ ዐይነት ነው። ዛሬ ግን ከባሕር እጅግ ርቆ በሁለት የብስ አለቶች መካከል ተጣብቆ ይገኛል። በሩ ሲዘጋ በመቃኑ መካከል ተይዞ እንደሚቀር ጨርቅ፥ የጠፋው ውቅያኖስ ቍራጭ በግጭቱ መስመር ላይ ተይዞ ቀርቷል። ባሕር ባልነበረበት የባሕር ወለል አይገኝምና፥ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አይፈለግም።

5. ዘመኑ እንዴት እንደ ታወቀ

ዕድሜን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የተራ መንገድ ነው፤ ይህም በዐይን ብቻ ሊታይ ይችላል። በትግራይ የቆሙት ሰሌዳ ድንጋዮች ራሳቸው በአንድ ልክ ተቈርጠው ሜዳ ሆነዋል። በዚያም ሜዳ ላይ እንጢጮ በተባለው አገር ስም የሚጠራው የአሸዋ ድንጋይ ጋደም ብሎ፥ ሳይታጠፍ፥ ሳይለወጥ ተነጥፎባቸዋል። ይህን የሚያይ ሰው ያለ ምንም መሣሪያ አራት ነገር በተራ ይረዳል። በመጀመሪያ ጭቃው ተነጠፈ፤ ሁለተኛ ተጨምቆ ታጠፈ፤ ሦስተኛ ተራራው ተሸርሽሮ ሜዳ ሆነ፤ አራተኛ አሸዋው ተነጠፈበት። ይህን የመሰለ ነገር በ1788 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሃተን በአገሩ ባሕር ዳር፥ ሲካር ፖይንት በተባለው ቦታ አይቶ የምድር ዘመን እጅግ ረዥም መሆኑን ከዚያ አስረድቷል። ሃተን ያየው መጽሐፍ በትግራይ ገደሎችም ተገልጦ ይገኛል።

ሁለተኛው የቍጥር መንገድ ነው። ዚርኮን የሚባል ደቃቅና ጽኑ ማዕድን ሲያድግ ጥቂት ዩራኒየም በውስጡ ይይዛል፤ እርሳስን ግን አያስገባም ማለት ይቻላል። ዩራኒየም ደግሞ በማይለወጥ ሥርዐት ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ይለወጣል። የዋናው ዐይነት ዩራኒየም ግማሹ እርሳስ እስኪሆን ድረስ 4500 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በቅንጣቷ ውስጥ የተገኘውን እርሳስ ከቀረው ዩራኒየም ጋር ያመዛዘነ ሰው ቅንጣቷ የተፈጠረችበትን ዘመን ያገኛል። አለት በግጭት ጊዜ ሲበስል በአሮጌው ዚርኮን ዙሪያ አዲስ ልባስ ያድግበታል። በዚህም ምክንያት የአንዲቱ ቅንጣት መካከል የአለቱን መጀመሪያ ዘመን፥ ጠርዟ ደግሞ የግጭቱን ዘመን ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ሁለቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ አንድ ቃል ይናገራሉ። በትግራይ የእሳተ ገሞራው አለት ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። የታጠፉትን ንብብሮች ቈርጦ የገባው፥ እርሱ ግን ያልታጠፈው ግራኒት ወደ 600 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በላዩ የተጋደመው የእንጢጮ የአሸዋ ድንጋይ 440 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እንግዲህ ተራራው የተነሣውም ተሸርሽሮ ያለቀውም በእነዚህ ቍጥሮች መካከል ነው። አንድ ምስክር ብቻውን ቢናገር ይጠረጠራል፤ ሳይመካከሩ አንድ ቃል የተናገሩ ምስክሮች ግን ይታመናሉ። ይህን የዳኝነት ደንብ ሽማግሌዎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

6. ይህን ማወቅ ለመንደር የሚሰጠው ጥቅም

የጠፋ ተራራ ነገር ለገበሬና ለነጋዴ ምን ይረባል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። መልሱ በሦስት ነገር ይገለጣል።

መጀመሪያ ውሃ ነው። የአሸዋ ድንጋይ በፍሬዎቹ መካከል ውሃ ሊይዝ ይችላል። ልውጥ አለት ግን ተጨምቆ ፍሬዎቹ እጅግ ስለ ተጣበቁ በራሱ ውሃ አይዝም፤ ውሃው የሚገኘው ከላይ በበሰበሰው ክፍልና በስንጥቆቹ ውስጥ ነው። በእንደዚህ ያለ አገር አንዱ ጉድጓድ ውሃ ሲሰጥ፥ ጥቂት ርምጃ ፈቀቅ ብሎ የተቈፈረው ደረቅ ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው። የአለቱን ዐይነትና የስንጥቁን አቅጣጫ ሳይመለከት የሚያስቈፍር መንደር ገንዘቡንና ጕልበቱን በከንቱ ሊያጠፋ ይችላል። ለሚስቱና ለሴት ልጁ ድካም የሚያዝን አባወራ ይህን ነገር ሊንቀው አይገባውም።

ሁለተኛ ማዕድን ነው። ክፍላተ ዓለም ሲጋጩ ትኩስ ውሃ ወርቅ አሟሙቶ በአለቱ ስንጥቅ ይሄድ ነበር፤ በበረደም ጊዜ ወርቁን ከነጭ ኳርትዝ ጋር በስንጥቁ ውስጥ አስቀረው። በሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገ ደምቢ ወርቅ ከዚህ ወገን ነው። የቤንሻንጉልና የትግራይ ዕብነ በረድም የጥንቱ ባሕር የኖራ ዝቃጭ ሆኖ በተራራው ሥር የበሰለ ነው። በ1967 በታንዛኒያ በኪሊማንጃሮ አቅራቢያ የተገኘው ታንዛናይት የተባለው ሰማያዊ ዕንቍም በዚሁ የተራራ መስመር ላይ የተሠራ ነው። ነገር ግን ስለ ወርቅ ሲነገር ይህም አብሮ ይነገር፤ ድጋፍ የሌለው የወርቅ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ተንዶ ሰው ይቀብራል። መምህር ስለ ማዕድን ሲያስተምር ልጆች ብቻቸውን ወደ ተቈፈረ ጉድጓድ እንዳይገቡ አብሮ ያስጠንቅቅ።

ሦስተኛው፥ ከሁለቱም የሚበልጠው፥ የማስተዋል ትምህርት ነው። ልጅ «ይህ እንዴት ታወቀ?» ብሎ ሲጠይቅ «እንዲህ ተብሏል፥ ያዝ» ተብሎ ከተመለሰለት፥ ያን ቀን ቃሉን ይይዝ ይሆናል፤ መጠየቅን ግን ይተዋል። ማስረጃው በእጁ ከተሰጠው ግን ነገሩን ራሱ መርምሮ ይቀበላል፤ ሌላ ሰው የሚነግረውንም ወሬ መመርመር ይለምዳል። በመንደር ውስጥ የሐሰት ወሬ ሰውንና ሰውን በሚያጣላበት ጊዜ፥ ይህ ልማድ ከወርቅ የሚሻል ሀብት ነው።

ለዚህ ትምህርት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ወንዝ ዳር ወስዶ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድንጋይ ያምጡ። በመጀመሪያ ገጹን ይመልከቱ፤ የአሸዋ ፍሬ ይታይበታልን? ቀዳዳ አለበትን? የሚያብረቀርቅ ቅጠል በአንድ ወገን ተሰልፎበታልን? ከዚያ በቢላዋ ይሞክሩት። ዕብነ በረድ በቢላዋ ይቧጨራል፤ ኳርትዛይት ግን ቢላዋውን ያደንዘዋል። ከዕብነ በረድ ጥቂት ዱቄት ፍቀው አቼቶ ቢያንጠባጥቡበት አረፋ ያወጣል፤ የኳርትዛይት ዱቄት ግን ዝም ይላል። ቀጥሎ ድንጋዩ የተገኘበትን ቦታና የተሰነጠቀበትን አቅጣጫ በደብተር ይጻፉ። በየዓመቱ እንዲህ የሚደረግ ከሆነ፥ ትምህርት ቤቱ ጥቂት ቈይቶ የወረዳውን አለት ሁሉ የያዘ መደርደሪያ ይኖረዋል።

የአገር ሽማግሌዎችም በዚህ ሥራ ታላቅ ድርሻ አላቸው። ለወፍጮ የሚሆነው ድንጋይ ከየት እንደሚመጣ፥ ለግድግዳ በቀላሉ የሚሰነጠቀው የት እንዳለ፥ በድርቅ ዘመን እንኳ ያልነጠፈው ምንጭ ከየትኛው አለት ሥር እንደሚፈልቅ የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። ይህ ዕውቀት በጽሑፍ ካልገባ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ መምህሩ ሽማግሌዎችን ወደ ትምህርት ቤት ይጋብዝ፤ ተማሪዎችም የሚነግሯቸውን ይጻፉ። የመጽሐፍ ትምህርትና የአገር ዕውቀት እንደዚህ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጸናዋል።

በመጨረሻ ይህ ሊታሰብ ይገባል። ምድር ሥራዋን አልጨረሰችም። በጥንት ዘመን በግጭት የተሰፋው ይህ አገር ዛሬ በተቃራኒው እየተቀደደ ነው። በመስከረም 2005 በአፋር ምድር፥ በዳባሁ አጠገብ፥ 60 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር መሬት ተሰነጠቀ፤ በጥቂት ቀኖችም ውስጥ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የሚከተለውም ያንኑ የጥንት ተራራ መስመር ነው፤ ጨርቅ ቀድሞ በተሰፋበት በኩል እንደሚተረተር፥ ምድርም ቀድሞ በተጣበቀችበት በኩል ትከፈታለችና። የጥንቱን ስፌት ያወቀ ሰው የዛሬውን ቅደት ለመረዳት ይቀርበዋል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ልጆች ድንጋይ አንሥተው ሲመጡ «ጣሉት» አይባሉ። ከየት እንዳነሡት፥ በላዩም ምን እንዳዩ ይጠየቁ፤ ያዩትንም ይናገሩ፥ ይጻፉም።